ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ

እናቴ «የዚች ልጅ መቀመጫ እሾህ አለበት» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሥራዬ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማየት ሆነና አረፈው፦ በምርምር ጣቢያው ምድር ቤት የስንዴ ሥር አጥባለሁ፣ ነጭ ሳህን ላይ እዘረጋለሁ፣ የጠቆረውን እያየሁ ነጥብ እሰጣለሁ። ዜሮ ጤነኛ፣ አምስት የበሰበሰ።

ዘንድሮ ከሙከራ ማሳዎቹ አንዱ የአባቴ ነው። ግማሹን እንደ ልማዱ አርሶ፣ ግማሹን ደግሞ ሳያርስ በአምናው የስንዴ አገዳ መሃል እንዲዘራ ለምኜ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ያልታረሰ መሬት እርጥበት ይይዛል፤ ግን የሥር በሽታው አሮጌው አገዳ ውስጥ ከርሞ አዲሱን ስንዴ ሊጠብቅ ይችላል። የቱ እንደሚያመዝን ማወቅ ነበር የፈለግነው።

ውጤቱ ሲመጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሳህኑን ደጋግሜ አየሁት። ካልታረሰው በኩል የመጣው ሥር ልክ እንደታረሰው ንጹህ ነው። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ። አለቃዬ አጨበጨበች። «ነገ ለገበሬዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ። ማረስ ቀረ በያቸው!» አባቴማ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል፤ ለመጪው ዘመን ማሳውን በሙሉ ሳያርስ ሊዘራ ቆርጧል። የቤቱ የዓመት ጉርስ እኔ ሳህን ላይ ነው።

ቁጭ ብድግ ስል አረፈድኩ። በመጨረሻ አካፋዬን ይዤ ወደ አባቴ ማሳ ሄድኩ። አባቴ መንገዱ ዳር ቆሞ ስንዴውን ያያል።

«አባዬ፣ ይሄ ያላረስከው ነው አይደል?»

«አዎ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለት... ዳሩን ትንሽ ትራክተር አስነክቼዋለሁ። አስር እርምጃ ያህል ብቻ! አላፊ አግዳሚው ‹ሰውዬው ሰነፈ› ሲል ምን ላድርግ? ከመንገድ የሚታየውን አረስኩ፣ ውስጡ እንዳልሽው ነው።»

ልጮህበት ነበር፤ ግን በምን አፌ? ናሙና የሚወሰደው ከዳር ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ተገብቶ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ናሙናውን የወሰድኩ ቀን ግን ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ መኪናው ይጠብቀኛል፣ እኔም እኔው ነኝ። አምስት እርምጃ ገብቼ ነቀልኩና ሄድኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ለመልቀሙም አልተመለስኩም።

አሁን እየቆጠርኩ ገባሁ። አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ዛላው ያለጊዜው ነጥቷል፤ በመዳፌ ባሸው ገለባ እንጂ ፍሬ የለውም። ነቅዬ በኮዳ ውሃዬ አጠብኩት። ሥሩ ጥቁር ነው። አራት። ቀጣዩ አምስት።

«ቀድሞ የደረሰ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ አባቴ ከኋላዬ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ አልነገርኩትም። አፈርኩ።

በማግስቱ አዳራሹ በገበሬ ሞላ። እግሬ ከወንበሩ ስር አላርፍ ብሎ ወለሉን ይደበድባል። አፌን ሳልከፍት አባቴ ተነሳ፤ በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው።

«በልጄ እንዳትፈርዱ። ውጤቱ ልክ አይደለም። የማሳውን ዳር ሰው ምን ይለኛል ብዬ ያሳረስኩት እኔ ነኝ።»

«ለሰርግ ነው እንዴ የኳልከው!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባቴ አንገቱን ደፋ። አለቃዬ ጥፋቱ ከጣቢያው ስለወረደ በእፎይታ አየችኝ፤ መውጫው ተከፍቶልኛል፣ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

አልቻልኩም። ተነሳሁ። «እሱ ያረሰው አስር እርምጃ ነው። እኔ ሃያ መግባት ነበረብኝ፣ አምስት ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሳቁ ቆመ። «ታዲያ ይታረስ ወይስ አይታረስ?» አለች አንዲት ሴት።

«አላውቅም። በየማሳው ውስጥ ገብቼ ደግሜ እስካይ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ የምትዘሩ ማረሳችሁን አትተዉ።»

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ? ሳቁብህ እኮ።»

«ትናንት ስትቆጥሪ ሃያ ላይ ስትቆሚ፣ ናሙናውን ከዳር እንደወሰድሽ ገባኝ» አለ በሹክሹክታ። «ዳሩን ባርሰው አይጎዳም ያልኩት እኮ፣ ያኔ ስትለምኚኝ ‹ከዳር አልወስድም› ብለሽኝ ስለነበር ነው።»