በአደራ ላይ አደራ

በ1979 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካ ሚካኤል አጠገብ ባለው የእትዬ ሱልጣና ቤት አራት ሰዎች ተሰብስበን ነበር፤ የቤቱ ባለቤት እትዬ ሱልጣና፣ የወንድማቸው ልጅ ነጅመዲን፣ ጎረቤታቸው እትዬ አሳየችና እኔ።

እትዬ ሱልጣና ሾላ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። ነጅመዲን የታክሲ ሾፌር ነው። እትዬ አሳየች ከእትዬ ሱልጣና ጋር በአንድ አጥር ውስጥ የኖሩት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ነው። እኔ ሲሞን እባላለሁ። የእትዬ ሱልጣናን የበር ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ።

የተሰበሰብነው የአውሮፕላን ጉዞ ለማሰናዳት ነው። የእትዬ ሱልጣና አንድ ልጅ ሳልህ ስዊድን አገር ለትምህርት ሄዶ እዚያው ሥራ ይዟል። እስከ ስድስተኛ ክፍል አብረን ተምረናል፤ ከዚያ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ወደ ስፌት መኪናዬ ገባሁ። በዚያ ዓመት ልቡን ታመመና ሐኪሞቹ የቀዶ ጥገና ቀን ቆረጡለት። እናቱ ሳይመርቁት መተኛት እንደማይፈልግ ነግሮን ቲኬት ላከ። የመውጫ ቪዛው ግን ስለዘገየ የተገኘው በረራ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ማታ የሚያደርስ ብቻ ነበር። እትዬ ሱልጣና ማንበብ አይችሉም፤ አውሮፕላንም ያዩት ሰማይ ላይ ነው። መንገድ ላይ ፍራንክፈርት ወርደው ሌላ አውሮፕላን መያዝ አለባቸው። ያ ካመለጣቸው ሳልህ ሳይመረቅ ቢላ ሥር ይገባል።

«ከፍራንክፈርት ወዲያው የሚነሣ አለ፤ ቆየት ብሎ የሚነሣም አለ» አለ ነጅመዲን። «እኔ ቆየት የሚለውን ይዣለሁ።»

«ምነው? ሰው አገር ብቻዋን ተገትራ ትዋል?» አሉ እትዬ አሳየች።

«ለጀማሪ ችኮላ አይሆንም። አባቴን ለሐጅ ሳደርስ መሸጋገሪያው ላይ ጊዜ አጥሮን በር ፍለጋ ስሮጥ ጫማዬ ወልቆ ቀርቷል።»

«ያንተ ጫማ እዚህም ይወልቃል።»

ነጅመዲን ወደ አክስቱ ዞረ። «ትልቁ ሻንጣ ራሱ ስቶክሆልም ድረስ ይሄዳል። ፍራንክፈርት ላይ አይፈልጉት፣ አይጠብቁት።»

«ማን ይዞት ይሄዳል?»

«እነሱ።»

«አደራ ያለው ሰው አለ?»

«ወረቀት ይሰጡዎታል።»

እትዬ ሱልጣና እትዬ አሳየችን አዩአቸው። «ወረቀት ነው እንግዲህ አደራው» አሉ።

ነጅመዲን አንድ ዘዴ ነበረው። ጉዞውን አስቀድመን በአውቶቡስ እንድንለማመደው ፈለገ። የካ አዲስ አበባ ትሁን፣ መገናኛ ፍራንክፈርት ይሁን፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ስቶክሆልም ይሁን አለ። እትዬ ሱልጣና መገናኛ ወርደው፣ በካርድ ላይ የተጻፈላቸውን ቁጥር ከአውቶቡሱ ግንባር ጋር አስተያይተው፣ ማንም ሳይመራቸው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄደውን ይይዛሉ።

«ስቶክሆልም ጥሩ ጥበብ ይሸጣል በለኛ» አሉ እትዬ አሳየች።

«ሲሞን ከኋላ ይከተልዎታል» አለ ነጅመዲን። «ግን አይናገርም።»

«እሱማ አጠገቤ ቢቀመጥም አይናገርም» አሉ እትዬ ሱልጣና። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አቀርቅሬ ሳቅሁ።

ካርዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ትልቅ አድርጌ፣ ጠርዙን በቀይ ክር ዘምዝሜ ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወጣን። መገናኛ ድረስ ምንም አላስቸገራቸውም። ወረዱ፣ ካርዳቸውን አወጡ፣ ቆሙ። እኔ ከመንገዱ ማዶ አንድ ግንብ ተደግፌ አያቸዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት በችኮላ መጣች። እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ይዛለች።

«እናቴ፣ እነዚህን ይያዙልኝ፣ አሁን መጣሁ። አደራ» አለችና ሄደች።

እትዬ ሱልጣና ዶሮዎቹን እቅፋቸው ውስጥ አደረጉ። አውቶቡሱ መጣ። ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አስተያዩት፤ ልክ ነበር። በሩን አዩ፣ ዶሮዎቹን አዩ፣ ሴትዮዋ የሄደችበትን አዩ። አውቶቡሱ ሄደ። ሁለተኛውም መጥቶ ሄደ። ሴትዮዋ የተመለሰችው ከቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስኳር ወስዳ ነው። ብዙ መረቀቻቸው። እሳቸውም መረቋት። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ።

«ፍራንክፈርት ላይ ቀረሁ አይደል?» አሉኝ።

ነጅመዲን ማታ ሲሰማ ለመቆጣትም ለመሳቅም አልቻለም። «አክስቴ፣ አውሮፕላን ለዶሮ አይቆምም።»

«ዶሮዎቹን መንገድ ላይ ጥዬ ልሂድ?»

«ሲጀመር አለመያዝ ነው።»

«ሰው አደራ ሲለኝ እምቢ ልበል? የት አገር ነው እንዲህ ያለው?»

«እዚያ አገር ነዋ። በዚያ ላይ የማያውቁትን ሰው ዕቃ ይዘው ውስጡ የማይሆን ነገር ቢገኝ ፖሊስ የሚይዘው እርስዎን ነው።»

«እሺ» አሉ እትዬ ሱልጣና። ያን ያህል ዝግ ብለው እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ልምምዱን ደገምነው። ነጅመዲን ሳይነግረን የራሱን ፈተና አዘጋጅቶ ኖሯል። ጉተማ የሚባለውን የታክሲ ረዳቱን ባዶ ዘንቢል አስይዞ መገናኛ ላይ አቆመው። እትዬ ሱልጣና ጉተማን አያውቁትም። ልጁ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ይችን ዘንቢል አንዴ ይያዙልኝ» አላቸው።

«አልችልም፣ የኔ ልጅ። መንገደኛ ነኝ።»

ማዶ ሆኜ ደስ አለኝ።

«አደራ፣ እማማ» አለ ጉተማ፣ እንደ ታዘዘው።

እትዬ ሱልጣና ዘንቢሉን ተቀበሉ። «በል ቶሎ ና» አሉት።

ጉተማ፣ አሳዝነውት መሰለኝ፣ ሄዶ መደበቅ አልቻለም፤ ዘንቢሉን ወዲያው መልሶ ወሰደና የነጅመዲን ሰው መሆኑን ነገራቸው። እሳቸው አልተቆጡም። የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ «የጀመርሁትን ልጨርስ» ብለው ተሳፈሩ። እኔም ተከተልኋቸው።

ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እንጦጦ ሽቅብ መንገድ ጀመሩ። አንዴም ሳያርፉ ወጡ። ከተማው ከታች መታየት ሲጀምር ከአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከአጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሿዋል። ከሩቅ፣ ከቦሌ በኩል፣ አንድ አውሮፕላን ተነሣ፤ እስኪጠፋ ድረስ አየነው።

«አልሄድም፣ ሲሞን» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የምፈራው አውሮፕላኑን አይደለም። ልጄ ሳልመርቀው ቢላ እንዳይነካው ነው የምፈራው። ግን ሰው አደራ ሲለኝ እግሬ ይታሰራል። እዚያ መሸጋገሪያው ላይ የአገሬን ሰው ካገኘሁ አንድ ነገር ማስያዙ አይቀርም። እኔም መያዜ አይቀርም። መንገድ ላይ ከምቀር እዚሁ ሆኜ ባለቅስ ይሻላል።»

«አባትዎስ?» አልሁ። ለምን እንደ ጠየቅሁ አሁንም አላውቅም። ነጋዴ እንደ ነበሩ ከሳልህ ሰምቼ ነበር።

«አባቴ?»

«ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር ብሎኛል ሳልህ። አደራ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም?»

«ሞልቶ። በበቅሎ ጅማ ወርዶ ሲመለስ በየሰፈሩ ዕቃ የሚያስጭነው ብዙ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ግን የተቀበለውን ሳያደርስ ሌላ አይጭንም ነበር። ‹አደራ ይዣለሁ› ካለ ማንም አይለምነውም። ማንም አይቀየመውም። በአደራ ላይ አደራ አይታከልም።»

እኔ የማስበውን ነገር ለመናገር ብርታት እያሰባሰብሁ ነበር።

«እኔ ለሳልህ ሸሚዝ ሰፍቼለት ነበር» አልሁ በመጨረሻ። «ደረቱ ላይ የሚከፈት፣ ቁስሉን የማይነካ። ላኩልኝ ለማለት አፈርሁ እንጂ ካለቀ ቆይቷል።»

እትዬ ሱልጣና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ይውሰዱልኝ። በትልቁ ሻንጣ አይደለም፤ በእጅዎ። ከእጄ ወደ እጁ። እሱ እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ምንም እንዳይዙበት። አደራ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይህን ሁሉ መናገር ትችል ኖሯል» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በል እንውረድ። ተቀብያለሁ።»

ማታ ለእትዬ አሳየች ሲነገራቸው «ከተቀበለች አበቃ» አሉ። ነጅመዲን «አንድ ጊዜ ደግሞ እንፈትናቸው» ቢል «አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋን ተዋት» ብለው አስቆሙት። ሸሚዙን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን በቀይ ክር ሰፍቼ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ማንገቻ ሠራሁለት።

የሄዱ ቀን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘናቸው። ጥቅሉን በአንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ገቡ። ዞረው አላዩንም።

ፍራንክፈርት ላይ የሆነውን ሲመለሱ ራሳቸው ነገሩን። ወርደው፣ የበረራውን ቁጥር የጻፍሁበትን ሌላ ካርድ ለባለ ዩኒፎርም አሳይተው፣ እያሳዩ እየተመሩ ወደ በራቸው ሲሄዱ አንዲት ሕፃን ያቀፈች የአገር ልጅ አየቻቸው። በአለባበሳቸው ዐውቃቸው ተጠጋች።

«እናቴ፣ ልጄን ትንሽ ይያዙልኝ። ስልክ ደውዬ መጣሁ» አለቻቸው።

«አደራ ይዣለሁ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሱልጣና፣ ጥቅሉን ነካ አድርገው።

ልጅቷ ወዲያው ገባት። «ውይ፣ ይቅርታ» ብላ ልትሄድ ስትል እሳቸው አንጀታቸው አልቻለም። ሕፃን ደግሞ እንደ ዘንቢል አይደለም። ቆም ብለው አሰቡ።

«ስሚ» አሏት። «እኔ ከዚያ በር አልርቅም። ልጅሽን እዚያ ድረስ አምጥተሽ ስጪኝ። አውሮፕላኔ ሲጠራ ካልመጣሽ በሩ ላይ ለቆመችው ሴት እሰጣታለሁ። አደራ አትበይኝ። እንዲሁ ልያዝልሽ።»

ልጅቷ እስከ በሩ አብራቸው ሄደችና ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እሳቸው አጫወቱት፤ የቀዩን ክር ጫፍ አስያዙት። ሰው ሰልፍ ሲይዝ ሕፃኑን አቅፈው ተሰለፉ። ሰልፉ አለቀ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት በእጇ ጠራቻቸው። እትዬ ሱልጣና ወደ መጡበት አንድ ጊዜ አዩና ሕፃኑን ዘረጉላት። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ልትቀበል ስትል እናቲቱ እየሮጠች ደረሰች።

«ባትደርስስ ኖሮ?» አሏቸው እትዬ አሳየች።

«እሰጣት ነበር» አሉ እትዬ ሱልጣና። «ሰጥቼ፣ አልቅሼ እገባ ነበር።»

ማታ ስቶክሆልም ደረሱ። ጥቅሉን ከእጃቸው ወደ ሳልህ እጅ ሰጡት፤ ከዚያ መረቁት። በማግሥቱ ቀዶ ጥገናው ተደረገለት፤ ሸሚዙን ለብሶ ከሐኪም ቤት ወጣ። እትዬ ሱልጣና መስከረም ላይ ተመልሰው ሾላ ገበያ ቦታቸው ላይ ሽንኩርት መሸጥ ቀጠሉ።