ጂማ መንገድ ላይ የተሰቀለው ሳቅ

ልጃችሁን ከቀበራችሁ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የተረፈችላችሁን ልጅ «ጥቁር ልብሷን አውልቁና አስቁልን» ብትባሉ ምን ትመልሱ ነበር? አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጓዳችሁን እዩ። ዱቄት አለ? የልጅቷ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ? ካለ መልሳችሁ ቀላል ነው። የሰበታዋ ደጊቱ ጓዳ ውስጥ የነበረው ግን ሁሉም ከፕሮጀክቱ የመጣ ነበር።

ደጊቱ ባሏ ጥሏት ከሄደ ጀምሮ ዓለም ገና ታክሲ ተራ ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየሸጠች ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ትንሿን ቢታንያን ሰፈሩ በአጭሩ «ፕሮጀክቱ» የሚለው የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተቀብሏት፣ ባሕር ማዶ ያሉ አንዲት አሮጊት ስፖንሰር ሆነውላታል። እውነት ለመናገር ሴትዮዋ ደግ ናቸው። ትምህርት ቤቱም፣ መድኃኒቱም፣ ዘይቱም ከእሳቸው ነው። ክፋቱ ያለው መሃል ላይ ነው።

ትልቁ ልጅ ዘርሁን በ2008 ታኅሣሥ ተማሪው አዲስ አበባ ወደ ገበሬው መሬት መስፋቷን ተቃውሞ «ማስተር ፕላኑ ይቅር» ብሎ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ለምን አይወጣ? የአያቱ የጤፍ ማሳ ላይ የቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል፤ አያትየው በገዛ መሬታቸው ላይ የሰው ዘበኛ ሆነው ነው የሞቱት። ዘርሁን በጥይት ተመታ። ማን ተኮሰ ብሎ የጠየቀ ሁሉ «አንተስ ማነህ?» ተብሎ ተጠየቀ። በጥር ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። የዘርሁን መቃብር ግን አልተሰረዘም።

ፕሮጀክቱ በየዓመቱ የካቲት ላይ የልጆቹን ፎቶ እያስነሳ ለስፖንሰሮቻቸው ይልካል። ቢታንያ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ተሰለፈች። አስተባባሪው አቶ ስምዖን ሲያያት ፊቱን አጨማደደ።

«ደጊቱ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሐዘን ነዋ! እርስዎም ያውቃሉ። ዓመቱ ሳይደርስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳያስወልቃት እንዴት ታውልቅ?»

«አውቃለሁ። ግን ሴትዮዋ አሮጊት ናቸው፣ ልባቸው አይችልም። ‹ለማን ነው ያዘነችው? ምን ሆኖ ሞተ?› ቢሉኝስ ምን ልበል? ፖለቲካ የነካካውን ቤተሰብ ድርጅቱ አይረዳም፤ ደንብ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንዲት ደቂቃ ነው፣ እህቴ። ከፎቶው በኋላ መልሰሽ አልብሻት።»

ከመጋዘን ቢጫ ቀሚስ መጣ። ደጊቱ በገዛ እጇ የልጇን ሻሽ ፈታች።

«ሳቂ እንጂ ቢቲ!» አለ ፎቶ አንሺው ዮኒ። «ጥርስሽን ለሠርግሽ ነው እንዴ የምታስቀምጪው?»

የተሰለፉት ልጆች ተንጫጩ። ቢታንያም ልጅ ናትና ሳቋ አመለጣት።

ደጊቱ ፎቶው ባሕር ተሻግሮ እዚያው የሚቀር መስሏት ነበር። በመጋቢት፣ ጂማ መንገድን ፊት ለፊት በሚያየው የፕሮጀክቱ አጥር ላይ የቤት ግድግዳ የሚያህል ባነር ተሰቀለ። ቢታንያ በቢጫ ቀሚስ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ከሥሯ «በሰላም የሚያድጉ ደስተኛ ልጆች» ይላል።

ድንኳን ተክለው ያስተዛዘኗት የእድር ሴቶች ገበያ ሲሄዱ አዩት። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጎረቤቷ አዴ ወርቅቱ መጥተው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«አካም ጅርታ፣ ደጊቱ?»

«ደህና ነኝ እናቴ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ልጅሽ እኮ ጂማ መንገድ ላይ ትስቃለች! ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? የልጇን ደም በዘይት ለወጠችው ይላል።»

«እርስዎም እንደሱ ይላሉ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ትምህርት ቤት ልጆች ቢታንያን «ባነሯ» ይሏት ጀመር። በዋናው መንገድ ማለፍ ትታ በጭቃው በኩል ዞራ ትሄዳለች። ደጊቱ ባነሩ ይውረድልኝ ብላ ለመነች። አቶ ስምዖን ሳቀ። «ስንቷ እናት ልጇ እንድትሰቀልላት ትለምነኛለች! ከውጭ የሚመጡት እንግዶች አይተውት ይሂዱ፣ ከዚያ ይወርዳል።»

እንግዶቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተዘረጋ፤ ፈረንጆቹ፣ የከተማው ሹማምንት፣ ወላጆቹ ሁሉ ተቀመጡ። ቢታንያን ፊት ረድፍ ላይ፣ ያንኑ ቢጫ ቀሚስ አልብሰው አስቀመጧት። አቶ ስምዖን ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

«በዚህ ዓመት አካባቢው ትንሽ ቢታወክም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከፕሮጀክታችን ቤተሰቦች መካከል ጉዳት የደረሰበት አንድም የለም!»

ጭብጨባው ድንኳኑን አናጋው። ቢታንያ አላጨበጨበችም። ወደኋላ ዞራ እናቷን አየች። የለም የተባለው ወንድሟ ነው። እናቷም እውነት ነው ትል እንደሆን ልታይ ነው የዞረችው።

ደጊቱ ተነሳች።

«ጨልሲ! ዝም በይና ተቀመጪ!» ብላ አጠገቧ የተቀመጠችው ሌላዋ ወላጅ ራቢአ ቀሚሷን ጎተተቻት። «አብደሻል? መድኃኒቱን አስቢ!»

መድኃኒቱን አስባለች። ልጅቷ ወለል ላይ ስትንፈራገጥ፣ አረፋ ሲደፍቃት፣ አንገቷን ደግፋ የምትይዛት እሷ ናት፤ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እስከዛሬም ዝም ያሰኛት እሱ ነበር። አሁን ግን ልጅቷ እያየቻት ነው።

«አቶ ስምዖን!» አለች። ጭብጨባው ተቆራርጦ ቆመ። «ዱቄቱም መድኃኒቱም በእጅዎ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሊከለክሉኝ ይችላሉ። ልጄ ግን ትሰማለች። ለቅሶዬ ላይ መጥተው ንፍሮ ዘግነዋል። ሬሳው ሲወጣ እዚያው ቆመው አይተዋል። ዘርሁን የሚባል ልጅ አልነበረኝም? በጥይት አልሞተም?»

«ወይዘሮ ደጊቱ፣ ቢሮ እንነጋገራለን…»

«ቢሮ አልገባም። ጉዳት የለም ያሉት በማይክሮፎን ነው። ማይኩን አያጥፉ! እዚሁ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ እነዚህም እንግዶች በሚገባቸው ቋንቋ ይመልሱ!»