ከኋላ የሚሄደው

አሰፋች ከጨዋታው ያወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀረውን ቀየረችው እንጂ አልጣለችውም።

የጨዋታው መጽሐፍ የፈረንጅ ነው። እርሻ ሊያስተምሩ አሰላ የመጡ ሰዎችን ልብስ ስታጥብ፣ ልጃቸው ሦስት ክረምት በረንዳ ላይ አጫውቷት፣ ሲሄዱ ትቶላት ሄደ። ፊደሉን አታውቀውም፤ ጨዋታውን ግን በቃሏ ይዛዋለች። መንገደኞች ተሰልፈው ከተራራ ሥር የታሰረ ንጉሥ ሊያስፈቱ ይሄዳሉ። መሪው የሚያዩትን እየነገረ ምን ታደርጋላችሁ ይላል፤ ቁጥር ያለባት ጠጠር ትጣልና የሚሆነው ይሆናል።

እሑድ እሑድ እናቶች ቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩ አምስት ልጆች እሷ ዘንድ ይውላሉ። ለነሱ ስትል ተራራውን ጭላሎ አደረገችው። በረዶውን ጉም አለችው። ንጉሥ ማስፈታት በዚህ ዘመን ስለማያዋጣ፣ ንጉሡን ወፍጮ ጠባቂ አደረገችው። ያወጣችው ከሰልፉ ኋላ የሚሄደውን ነው። ጠጠሯ ላይ አንድ ስትወጣ መጨረሻ ያለውን ሰው ይወስዳል፤ የተወሰደው ተጫዋች ቃል ሳይናገር ከቤት ይወጣል፣ አይመለስም። የተወሰደው እንቢ ቢል ከፊቱ ያለው ይወሰዳል። ወጣት ከየመንገዱ እየታፈሰ ለውትድርና በሚጫንበት ዓመት ይህንን ለልጅ መንገር አልሆነላትም።

ከልጆቹ አንዷ ተስፋነሽ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወንድሟ ባይሳ በግንቦት ከገበያ ታፍሶ ከሄደ ወዲህ ከጨዋታው ውጭ አፏን ከፍታ አታውቅም። እናቷ አሰፋችን እግሯ ላይ ወድቃ ለምናታለች፤ ጨዋታውን እንዳታቋርጥ፣ ይህችም ድምፅ እንዳትጠፋ።

ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው እሑድ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ በመንገደኞቹ ፈንታ በከሰል በተሠመረው መንገድ ላይ የሚደረደሩት ባቄላዎች አልሰለፍ አሉ። ባቄላውን ኋላ የሚያደርግ ልጅ ጠፋ። አሰፋች ምክንያቱን ብትጠይቅ ፍሰሐ የሚባለው ቀልደኛው ልጅ ሳይስቅ መለሰ።

«ተረከዜን ይረግጠኛል።»

ማን እንደነገራቸው አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ማንም አልነገራቸውም። መጽሐፉ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ተስፋነሽ ባቄላዋን አንስታ ከሁሉም ኋላ አስቀመጠች። «የወሰዳቸውን የት እንደሚያደርግ እሱ ያውቃል» አለች። «ይውሰደኝ።»

አሰፋች ከቁናው አንድ ባቄላ አንስታ ከልጅቷ ኋላ አኖረች።

«መሪ ባቄላ የለውም እኮ፣ እትዬ» አለ ፍሰሐ።

«ቤቱ የኔ ነው።»

ጠጠሯን ጣለች። አንድ ወጣች። አንድ ምን ማለት እንደሆነ ያልተነገራቸው ልጆች ሁሉም ዞረው በሩን አዩ።

እንቢ ብትል ተራው የተስፋነሽ ነው። ስለዚህ ባቄላዋን ጨብጣ ቃል ሳትናገር ወጣች።

ቀትር ነው፤ የጭላሎ ጉም ግን አጥሩን ውጦታል። በሩን ከኋላዋ እንደዘጋች የተስፋነሽን ድምፅ ሰማች። ልጅቷ መሪነቱን ይዛ፣ አሰፋች አንድም ቀን ያልነገረቻቸውን የተራራ ሥር ክፍል ትነግራቸዋለች፤ ደረጃውን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የቆሙትን ሰዎች። ከዚያ ሰልፉን ቆጠሩ። አምስት ሕፃናት ስድስት ብለው ጨረሱ።

አሰፋች በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ተመለስኩ» አለች። «በኔ ጨዋታ የተወሰደ ይመለሳል።»

ተስፋነሽ ብድግ አለች። በአጠገቧ አልፋ ደጃፉ ላይ ቆመችና ወደ ጉሙ ተጣራች።

«ባይሳ!»

«አቤት» አለ አንድ ሰው፤ ከአጥሩ ወዲህ።

ልጅቷ እግሯን አነሳች። አሰፋች የሹራቧን አንገት ያዘች። ባይሳን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት፤ ድምፁን ከሺህ መሃል ትለየዋለች። ይህ የሱ እንዳልሆነ ብትናገር ልጅቷ ለዘለዓለም ዝም ልትል ትችላለች። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ወደ ጉሙ ትሄዳለች።

«የሱ ድምፅ አይደለም፣ ልጄ።»

ተስፋነሽ ያነሳችውን እግር መልሳ ደጃፉ ላይ አኖረች።

«አቤት» አለ ድምፁ እንደገና፤ አልቸኮለም፤ አሁን ከደጃፉ ሦስት እርምጃ አይርቅም።

«አውቄያለሁ» አለች ልጅቷ፤ ከግንቦት ወዲህ ከጨዋታ ውጭ ለሰው ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ባይሳ ተጠርቶ አቤት ብሎ አያውቅም። እናቴን በዚህ ሲያናድዳት ነው የኖረው።»

ሁለቱ ወደ ውስጥ ተመልሰው በሩን ገፍተው ዘጉት።