የወንድሜ እጅ ከመጭመቂያው ሥር

ታላቅ ወንድሜ የብረት መጭመቂያውን የሚያዘውን የከርነል ኮድ፣ ማለት የኮምፒውተሩን እምብርት ፕሮግራም፣ የጻፈው ኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚፈጽም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ በነበረው ጊዜ ነው። ኮዱ ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላ ሥራ ጣልቃ እንዳይገባበት ማቋረጫዎቹን፣ ማለት ሥራ የሚያስቆሙ ጥሪዎችን፣ ይዘጋል፤ ያኔ ይህ ይበቃ ነበር። ዛሬ የተተከለው ኮምፒውተር ግን ሁለት ፕሮሰሰር አለው።

"አንዱ የራሱን ማቋረጫ ቢዘጋ ሌላውን አያግደውም" አልኩት። "አንዱ የሰው እጅ መግባቱን እየመዘገበ ሳለ ሌላው መጭመቂያውን 'ውረድ' ሊለው ይችላል። አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ ቁልፍ እናብጅለት።"

"አንተ ባሕር ማዶ ስትንፈላሰስ እማዬን ያበላት ይሄ ኮድ ነው።"

"ጋሼ፣ መጭመቂያው ፊት ለተቀመጠው ኦፕሬተር እጅ እዘንለት እንጂ።"

አፌን በቡጢ አለኝ። ደሜን ስተፋ ኦፕሬተሩን ገፍትሮ የገዛ እጁን ከመጭመቂያው ሥር ከተተ።

"ይኸው፣ አንተ ቦቅቧቃ።"

መጭመቂያው አልተነቃነቀም። ኮዱ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ስለነበር ራሴን ተጠራጠርኩ። ቢሆንም ትከሻውን ይዤ ጎተትኩት፤ ብረቱም ወረደ። መዳፉ ወጣ፣ ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

ኦፕሬተሩ ዋናውን ማብሪያ አጠፋ። ወንድሜ እየጮኸ ግንባሩን ደረቴ ላይ ደጋግሞ ደበደበ። እኔም አቀፍኩት።

"ጻፈው ቁልፉን" አለኝ ጥርሱን ነክሶ ወደ ኦፕሬተሩ እየጠቆመ። "ይሄ ሰውዬ ነገ እዚህ ይቀመጣል።"