ፋርማሲው ነኝ፣ ወደ ቀኝ

«በሩ ነኝ፣ በሩ ነኝ ትላለህ፤ ስከፍት ሰው የለም! ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?»

አከራይዋ እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ለሦስተኛ ጊዜ በሩን በርግደው ወጥተዋል። ሬዲዮ ጠጋኙ ተከራያቸው ደግሞ ደጃፉ ላይ ሳይሆን መንገዱ ማዶ ቆሞ፣ የመኪና ቁልፍ የምታክል ነገር በአውራ ጣቱ ይጫናል። በተጫናት ቁጥር ከበሩ በላይ የተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን በራሱ በጠጋኙ ድምፅ «በሩ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ትላለች።

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ሳጥኗ ናት።»

«ድምፁ ያንተ አይደል?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ!» ብለው በሩን ጓ አድርገው ዘጉት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የጠጋኙ ሚስት እጇ የተመሰከረለት ሹራብ ሠሪ ነበረች። ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ጣቶቿ ሥራቸውን አልረሱም። ባለፈው ሳምንት የሹራብ ቤቱ ባለቤት «ወንበርሽ እስካሁን አለ። ግን የሚያመጣሽና የሚወስድሽ ሰው የለኝም። ሰኞ በራስሽ ከመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው» ብላት ሄደች። ባል ይህን ከሰማ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። ከአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ሦስት ሳጥን ሠራ፤ አንዱን ለበሩ፣ አንዱን መታጠፊያው ላይ ላለው ፋርማሲ፣ አንዱን ለሹራብ ቤቱ። እሷ ቁልፏን ስትጫን በቅርብ ያለው ሳጥን ይጣራል።

«ሌላ ድምፅ አጣህ?» አለችው ስትሰማው። «ቤት አንተ፣ መንገድ አንተ፣ ሥራ ቦታ አንተ። የት ልድረስልህ?»

«ለምደሽዋል ብዬ ነዋ።»

«ከመልመድም አልፎ ሰልችቶኛል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና «በል ማልልኝ። ሰኞ እንዳትከተለኝ። አንተ ከኋላዬ ካለህ፣ መድረሴን እንጂ መቻሌን በምን አውቃለሁ?»

ማለላት። ከስድስት ወር በፊት ሲጋራ ሲተውም እንዲሁ ምሎላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት «ሱቄን ልክፈት» ብሎ ቀደማት። እግሩ ግን ወደ ሱቁ አልታዘዝ አለው። ወስዶ ከፋርማሲው ማዶ ካለው የመብራት ምሰሶ ኋላ ሸጎጠው። አትከተለኝ አለች እንጂ አትቅደመኝ መች አለች፣ ብሎ ራሱን ሸነገለ። ጭንቀቱ ሲበረታበት ከአንድ አላፊ አግዳሚ ሲጋራ ለምኖ ለኮሰ።

መጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በትሯ የመንገዱን ጠርዝ ኳ ኳ እያደረገ። ፋርማሲው ጋ ስትደርስ ቆመችና ቁልፏን ተጫነች።

ጭጭ።

ደግማ ተጫነች። አሁንም ጭጭ። ጠጋኙ ክው አለ። ለካ እሑድ ቀኑን ሙሉ የፋርማሲውን ሳጥን «ትሠራ ይሆን?» እያለ ሲያስጮኻት፣ የባትሪዋን ነፍስ ያወጣው ራሱ ነው! ሚስቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነች። አንድ ባለ ብስክሌት እያቃጨለ በአጠገቧ ሽው አለ። የባል አንጀት ከዚህ በላይ አልቻለም። አፍንጫውን ያዝ፣ ድምፁን እንደ ሳጥን ደረቅ አደረገና፣

«ፋርማሲው ነኝ፣ ወደ ግራ» አለ።

ስህተቱ የገባው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። ፊት ለፊቷ እንደ መቆሙ የሱ ግራ ለሷ ቀኝ ነው፤ በሷ ግራ ያለው የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው! እንዳያርመው፣ ሳጥን መቼ ይቅርታ ይጠይቃል?

እሷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት ቆመች። አየሩን በአፍንጫዋ ሳብ አደረገች። በትሯን ዘርግታ የመታጠፊያውን ምልክት፣ የቦዩን የብረት ክዳን ፈልጋ አገኘች፤ አንዴ ቀጭ አደረገችውና ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ሊከተላት አንድ እግሩን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ሲጋራውን ረግጦ፣ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ጊዜው አልገፋ አለው። በመጨረሻ ከመንገዱ ጫፍ የገዛ ድምፁ ቀጭን ሆኖ መጣለት፤ «ሹራብ ቤቱ ነኝ፣ ደርሰሻል።» ሃምሳ ዓመት ሲናገርበት ኖሮ፣ ድምፁ እንዲህ ደስ እንደሚል ያወቀው ያን ቀን ነው።

አመሻሹ ላይ አፉን ሁለቴ ተጉመጥሙጦ፣ ከረሜላ ጎርሶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ቀድማው ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራለች።

«እሺ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አለ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

«ነገም ነይ ተብያለሁ።»

«እሰይ! ሳጥኖቹስ?»

«በሩ ጨዋ ነው፤ ሹራብ ቤቱም ምንም አይልም» አለች ውኃውን በእግሯ እያማሰለች። «ፋርማሲው ግን ግራና ቀኙን አያውቅም፤ በዚያ ላይ ሲጋራ ጀምሯል።»