ቀይና ቢጫ ቅርፊት

ስለ ብጉር ሲወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ ግን አልስቅም። በሃያ ዓመቴ ብጉሩ ግንባሬን ጨርሶ ጉንጬን ወርሶ ነበር። አገጬ ላይ መግል ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ትቶልኝ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ሬት ብትሉ ሎሚ ብትሉ ያልሞከርኩት አልነበረም። እናቴ የሺ ጠዋት ጠዋት አገጬን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ታዞረኝና «ይኸ የሰው ዓይን ነው» ትላለች። የሰው ዓይን ከሆነማ መርሳ ውስጥ ያላየኝ ሰው የለም ማለት ነው።

ነገሩ የባሰው በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ወልድያ መዝገብ ቤት የሚሠራ ካሳሁን የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቤ እሺ ብሎ፣ ሰርጉ ለጥር አሥራ ስድስት ተቆርጦ ነበር። ከዚያ እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ሊያዩኝ መጡ። አዩኝ። እኔ እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ፣ እንደሌለሁ ቆጥረው እናቴን ጠየቋት።

«ይኸ ነገር የዕድሜ ነው ወይስ የዘር በሽታ? የዘር ከሆነ ከአሁኑ ይነገረን።»

«ኧረ በሽታስ አይደለም!» አለች እናቴ ደንግጣ።

«እንግዲህ ከገና በፊት ተመልሼ አያለሁ። ከጠራ ጠራ። ካልጠራ...» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አልጨረሱትም። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር፤ ታጭታ የተመለሰችን ልጅ በእኛ አገር ማን ደግሞ ይጠይቃታል?

የእናቴ ታናሽ ወንድም ሀብቴ ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር የነበረ፣ ኋላ መርሳ ላይ በአውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው ነው። ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን በቆርቆሮ ጣሳ ስድሳ ክኒን ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። ቴትራሳይክሊን ይባላል አለን።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ በባዶ ሆድ፣ በብዙ ውሃ። ከሁለት እንዳታሳልፊ፣ ይጎዳሻል። እሑድ እሑድ እየመጣሁ እቆጥረዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሀብቴ ግን የሚያውቀውን ሳይናገር የሚሄድ ሰው አልነበረም። አንዱን ክኒን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ይቺ ቅርፊት ከከብት ቆዳና አጥንት የምትሠራ ናት፤ ሆድ ውስጥ ትሟሟለች» አለ።

እናቴ እጇን ከጣሳው ላይ አነሳች። የገና ጾም ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

«የከብት? በማን ቢላ የታረደ ከብት?»

«እትዬ፣ የፈረንጅ ፋብሪካ ነው። ቢላውን እኔ ምን አውቄ።»

«ለታመመ ጾም ይፈታል። ብጉር ግን በሽታ ነው እንዴ?»

ሀብቴ ስቆ ሄደ። እናቴ የንስሐ አባታችንን እንኳ ሳትጠይቅ ራሷ ፈረደች፤ ዱቄቱ ይዋጣል፣ ቅርፊቱ ይጣላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን ከፍቼ፣ ቢጫውን ዱቄት መዳፌ ላይ አራግፌ፣ ልሼ ውሃ እጠጣበታለሁ። ምሬቱ አይነገርም። ቅርፊቱ ግን ያምር ነበርና መጣሉ አሳሳኝ። በጨርቅ ቋጥሬ አስቀመጥኩት።

ጎረቤታችን የፍየል ነጋዴው አቶ ጀብሪል ነበሩ። በቤታችንና በቤታቸው መካከል ያለው አጥር ብቻ ነው፤ እሱም በእኔና በልጃቸው በአሚና መመላለስ ብዛት መሐሉ ተቀዶ ነበር። ከአሚና ጋር እኩያ ነን። ለሰርጌ ጸጉሬን የምትሠራው እሷ እንደሆነች ከታጨሁበት ቀን ጀምሮ ያለቀ ነገር ነው። የሚደበቅ ነገር ሲኖረኝ ከሁሉም እደብቅና ለእሷ እነግራታለሁ።

ስምንት ቀን ዋጥኩ፤ ፊቴ ያው ነው። ፈራሁ። ሁለት ካልሠራ አራት ይሠራል ብዬ አሰብኩ። ሀብቴ ግን ይቆጥራል። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለሞተ ሰው አላሳብብም። እናቴ ወይዘሮ ብዙነሽ ሲመጡ የሽምብራ አሳ ልትሠራላቸው ሽምብራ አስፈጭታ ነበር። የሽምብራ ዱቄትም ቢጫ ነው። ከቤት ጀርባ ከአሚና ጋር ተቀምጠን፣ እሷ ባዶውን ቅርፊት ትይዛለች፣ እኔ በክብሪት እንጨት ዱቄቱን እጠቀጥቃለሁ፤ ከዚያ ገጥመን ወደ ጣሳው። በቀን አራት እየላስኩ ሁለት እተካለሁ።

አሚና ጣቷን ልሳ ትስቅ ነበር። «ጨው ብቻ ነው የቀረው። አጎትሽ የታመመ ሲመጣበት ወጥ ይሥራለት!»

ፊቴ መጥራት ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መስታወት ትጠላ የነበረችው ልጅ በቀን አሥር ጊዜ መስታወት ታያለች።

በዚያው ሰሞን ከቆላ በኩል ክፉ ወሬ መምጣት ጀመረ። ሬዲዮው ተቅማጥና ትውከት ይላል፤ የበሽታውን ስም አይጠራም። ሰዉም አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው። ጠዋት ግመሉን ጭኖ የተነሳ ሰው ማታ ይቀበራል ይባላል። መጀመሪያ ጨው ይዘው የሚመጡት ሰዎች ቀሩ። ቀጥሎ ቆላ ያለው የሐራ ገበያ ሳሳ። ከዚያ ከሐብሩ ቆላ መንደሮች የለቅሶ ድምፅ በየቀኑ ይሰማ ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ ለቅሶውም ቀረ፤ ቀባሪ ፈርቶ ነው ተባለ። በአውራ ጎዳናው የሚያልፉት መኪናዎች ድሮ መርሳ ላይ ቆመው ሙዝና ብርቱካን ይገዙ ነበር። አሁን መስኮታቸውን ዘግተው ያልፋሉ።

አቶ ጀብሪል ግን ሐራ መሄዳቸውን አልተዉም። «ፍየሉ ሐራ፣ እኔ መርሳ፣ እንዴት ሆኖ ነው ንግድ?» ይላሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ታኅሣሥ አራት፣ እሑድ፣ ሀብቴ መጥቶ ጣሳውን ቆጠረ። ሃያ ስምንት። ልክ ነው። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

«ይኸ ክኒን ለዚያ ነገርም ነው የሚሰጠው» አለ። «የእኔ አልቋል። ደሴ ልኬ ነበር፣ አልመጣም። ይኸው እዚህ ግን ለብጉር ይላሳል።»

«ውሰደዋ» አለች እናቴ፣ ከአንገት በላይ።

ሀብቴ ፊቴን አየ። «ትጨርሰው፣ ጀምሮ ማቋረጥም ጥሩ አይደለም» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ከሃያ ስምንቱ አሥራ ሁለቱ እውነተኛ ነበሩ። መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ፈራሁና የቀረውን በሦስት ቀን ውስጥ ልሼ ጨረስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ብዙነሽ ከወልድያ መጡ። ከአንድ ቀን በፊት አሚና ወንዝ አብራኝ ሳትወርድ ቀርታ ነበር፤ ልብ አላልኩም፤ ለእንግዳ ቤት እያጸዳሁ ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ሻሼን ወደ ኋላ ገፉ፣ ግንባሬን በአውራ ጣታቸው ደባበሱ።

«ተመስገን» አሉ። «ጠርቷል!»

እናቴ ዕልል ልትል አፏን ስትከፍት ሀብቴ እየሮጠ ገባ። ለእንግዳዋ እንኳ ሰላምታ አልሰጠም።

«የጀብሪልን ልጅ ይዟታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ። ጣሳውን አምጪ!»

እናቴ ጣሳውን አንስታ ሰጠችው። ከፈተው፣ በዓይኑ ቆጠረ። «ሃያ። ይበቃታል፣ እግዜር ይስጥሽ አስካለ፣ ሳታባክኚ ጠብቀሽ» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የወይዘሮ ብዙነሽ አውራ ጣት ገና ግንባሬ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አጎቷን ስታታልል የኖረች ሙሽራ፣ በዚያ ላይ መድኃኒት በልታ የጨረሰች፤ ይኸን ወልድያ ይዘው ሊሄዱ ነው። እናቴም አየችኝና አንገቷን ነቀነቀች፤ ጉዳዩን ሳታውቅ ነው፣ በእንግዳ ፊት ዝም በይ ማለቷ ነው። አፌን ዘጋሁ። ሀብቴ ወጣ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይዘሮ ብዙነሽን አስተናገድኩ። የሽምብራ አሳውን አቀረብኩ፤ በሉ፣ መረቁኝ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ እጄን ታጥቤ በተቀደደው አጥር ሾለክሁ። ልናገር ነበር የሄድኩት። በነፍሴ እምላለሁ፣ ልናገር ነበር።

አሚና መደብ ላይ ተኝታለች። በአንድ ቀን እንዲያ ይኮናል? ዓይኗ ገብቷል፣ የጣቶቿ ቆዳ ተጨማዷል፣ ድምፅዋ አይወጣም። እናቷ እማማ ዘይነባ በማንኪያ ውሃ ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቀይና ቢጫ ቅርፊት፣ ለሁለት ለሁለት የተከፈተ፣ በሳህን ተደርድሯል።

«ቅርፊቱን ከፍተን ነው የምንሰጣት» አሉኝ። «የማን እርድ እንደሆነ ምን እናውቃለን። አንቺም እንዲህ እንደምታደርጊ እሷው ነግራኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸው ትንሽ በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ምልክት አለ። አፏ ምግብ ሳያሰኘው አልቀረም። መድኃኒቱን ሽምብራ ሽምብራ ይላል አለችኝ።»

አሚና ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

ታውቃለች። ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ የሞላችውን ዱቄት ምላሷ ላይ ሲያደርጉላት አውቃዋለች። ለእናቷ ግን አልተናገረችም። የእኔን ምስጢር ይዛ፣ እኔ እስክመጣ ትጠብቅ ነበር።

«አስኩ» አለች። ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። «ሽምብራ ሽምብራ ይላል።»

እናቷ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይኸን ሳቅ እስከ ዛሬ ጠልቼዋለሁ። አሚና አልሳቀችም፤ እያየችኝ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለሀብቴ የነገርኩት ዓርብ ጎህ ሲቀድ ነው፤ መድኃኒት ቤቱን ሳይከፍት በር ላይ ጠብቄ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ትናንት ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

ያገኘው የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወልድያ ሄደ። ሲመለስ ሲሪንቃ ኬላ ላይ ከቆላ የሚመጡትን ለመለየት መኪናውን ለረጅም ጊዜ አቁመውት ነበር። አሥራ ስድስት እውነተኛ ክኒን በኪሱ ይዞ መርሳ ሲደርስ የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ፣ አሚናም ተቀብራ፣ ሰዎች እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

ሀብቴ ለማንም አልተናገረም። የመርሳ ሰው ግን ተናገረ፤ የሀብቴ መድኃኒት የበሰበሰ ነው፣ የሀብቴ መድኃኒት ሰው አያድንም። አንድ ቀን አንዱ ፊት ለፊት ሰደበው፤ እሱም የእኔን ሰርግ አስቦ ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ። በፋሲካ መድኃኒት ቤቱን ዘጋ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ይነቅዛል እናቴ፣ ከሽምብራም በላይ ይነቅዛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ፤ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ። የዚያ በሽታ ዋና መድኃኒቱ ውሃ ነው አለኝ፤ ክኒኑ ሕመሙን ቢያሳጥር ነው።

«በስንት ያሳጥራል?»

«በአንድ ቀን፣ በሁለት ቀን።»

ጥር አሥራ ስድስት ተዳርኩ። ጸጉሬን የሠራችኝ ከወልድያ የመጣች የማላውቃት ሴት ናት። ስወጣ ሰዉ ሁሉ ፊቴን አየና ዕልል አለ፤ አንዲት ብጉር አልነበረችም። እማማ ዘይነባ ሐዘናቸውን ይዘው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሊመርቁኝ መጥተው ነበር። ሰዉን እየከፈሉ ቀርበው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ደባበሱኝ።

«እንዴት ጠራልሽ ልጄ» አሉኝ። «አሚናዬ ይኸን ሳታይ።»