ቢጫውን ልብስ ማን ይያዘው

እህቴ ኡቦን አርብ ጠዋት ወደ ቡድሃ ገዳማችን ወጥ ቤት ስትገባ ብብቷ ስር ያለውን ፌስታል አይቼ ደሜ ፈላ። ሳትከፍተው አውቄዋለሁ። ቢጫ ልብስ ነው፣ ሙሉ የመነኩሴ ልብስ፣ ታጥፎ በሪባን የታሰረ። የኔም እኮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከአገራችን ከባንኮክ ካስመጣሁት ሁለት ወር ሆኖታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኳት።

«ዓይን የለሽም? የልጄ ልብስ ነው።»

«የማን ልጅ?»

«ያሳደግሁት ልጅ።»

ልጁ የኔ ነው። ኮራዊት ይባላል፣ ዊት እንለዋለን። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚህ ሰሜን ዴንማርክ ባሕሩ ዳር የተተከሉትን የነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ምሰሶዎች እየወጣ ይጠግናል። የሐምሌ ዕረፍቱን ለገዳም ሰጥቶ ለአሥራ አምስት ቀን ሊመነኩስ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ለጥቂት ቀን እንኳ ካልመነኮሰ የእናቱን የጡት ውለታ አልከፈለም ይባላል። እናትም የልጇን ቢጫ ልብስ ጫፍ ይዛ ነው ሰማይ ቤት የምትገባው። እኔ ይሄን ቀን ከወለድኩት ጀምሮ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የምንኩስናው ቀን ልጁ ጸሎት ቤቱን ሦስት ጊዜ ሲዞር፣ ቢጫውን ልብስ ታቅፋ ከጎኑ የምትሄደው እናቱ ናት። አንዲት ሴት። ያየ ሁሉ «እናቱ ያቺ ናት» ይላል።

ነገሩን አልደብቅም። ዊትን የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ለኡቦን ትቼው ነው ወደዚህ የመጣሁት። አባቱ ሞቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ምን ልሁን? ሰባት ዓመት ዓሣ ፋብሪካ ቆሜ ከቆየሁ በኋላ አስመጣሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ኡቦንንም አመጣኋት። ዴንማርካዊ ባል ያገኘሁላት እኔ ነኝ።

«ልብስሽን ይዘሽ ተመለሽ» አልኳት። «አንድ ሰው ሁለት ልብስ አይለብስም።»

«እንግዲያው ያንቺ ይቅር።»

«እቴቴ፣ ሰው ፊት አታናግሪኝ።»

«ሰው ይስማ! ንዳድ ይዞት ሲያቃዠው በጀርባዬ አዝዬ ክሊኒክ ድረስ በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንቺ የት ነበርሽ? በስልክ! አንቺ እኮ በስልክ ነው የወለድሽው።»

«እኔ እዚህ በረዶ ውስጥ ቆሜ ዓሣ ስበልት፣ ጣቴ አልሰማ ሲለኝ፣ ለማን ብዬ ነበር? ያንቺን ጣራ ቆርቆሮ ማን አለበሰው? ባልስ ማን አገኘልሽ?»

«ያን ባል? ዛሬውኑ ውሰጂው! ከድንች ሌላ የማያውቅ።»

የወጥ ቤቱ አለቃ እትዬ ቻሎም ናቸው፣ ሰባ አልፏቸዋል። በሙቀጫ ጥሬ ፓፓያ ይወቅጡ ነበር። ዘነዘናውን ቀጥ አድርገው ያዙና፣ «ኧረ እናንተ ሴቶች» አሉ፣ «ለመነኮሳት የሚቀርብ ምግብ ነው። በዚህ አፋችሁ ላይ በርበሬ ብጨምርበት ማን ይበላዋል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ኡቦን ፌስታሉን ቀደደችና ልብሷን የኔው ልብስ ላይ ጫነችው። ላይ! በእጄ ገፋሁት። እሷም መልሳ ገፋች። የኔው ከጠረጴዛው ወደቀ።

የመነኩሴ ልብስ መሬት ላይ! አንስቼ ግንባሬ ላይ አስነካሁት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ አለቃው መነኩሴ ሄድኩ።

አባ ድሮ የላም በረት ከነበረው ቤት ደጃፍ ሻይ ይጠጡ ነበር። ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ ሰገድኩ።

«አባ፣ የልጄን ምንኩስና አልፈቅድም» አልኳቸው።

ምን ነካሽ ብለው የሚለምኑኝ፣ ኡቦንን ጠርተው የሚቆጡልኝ መስሎኝ ነበር። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ወላጅ ያልፈቀደለትን አናመነኩስም» አሉ። «ሕጉ ነው።»

«እህቴን ያስቁሙልኝና እፈቅዳለሁ።»

«እኔ የእህትሽ ዳኛ አይደለሁም። ፈቅደሻል ወይስ አልፈቀድሽም?»

«አልፈቀድኩም።»

«እሺ» አሉ። «ለምንኩስናው ቁጥር እንዲሞላ ከኖርዌይና ከጀርመን የመጡት መነኮሳት ነገ ከሰዓት ይመለሳሉ። ለልጁ እነግረዋለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ተነስቼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለእሷ የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ እኔው ገባሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አስፈራርቶ መመለስ ይቻላል፤ ለመነኩሴ ግን የተናገርሽው ተናገርሽው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዊት መጣ። ነጭ ልብስ ለብሷል፣ አበባና ሻማ የያዘ ሳህን በእጁ ነው፣ ፀጉሩ እንዳለ ነው። በሩን ከፍቶ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። የሚመነኩስ ሰው አስቀድሞ የበደላቸውን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ አለበት።

«እናቴ፣ በእጄ፣ በአፌም በልቤም የበደልኩሽ ካለ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ልብሱን ማን እንደሚይዝ ንገራቸው።»

«አክስቴ ትያዘው።»

በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን አልክ?»

«እናቴ፣ አየር ማረፊያ ስትቀበይኝ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?»

«ያኔ ብዙ ነገር ብዬሃለሁ።»

«‹ከእንግዲህ እማ የምትላት የለችም። እናትህ እኔ ነኝ፣ እሷ አክስትህ ናት› አልሽኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ እሺ አልኩሽ። በማግስቱ ደወለች። ‹አክስቴ› ስላት ዝም አለች። እየተነፈሰች ይሰማኛል፣ ግን አትናገርም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፣ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አንቺን በድዬሽ ከሆነ አላውቅም። እሷን ግን በድያታለሁ።»

«እኔ ነኛ ያስደረግሁህ!»

«የተናገረው የኔ አፍ ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ እሱ ነው ያናደደኝ። «ነገ ‹ወላጆችህ ፈቅደዋል ወይ?› ይሉኛል። አልዋሽም። ከፈቀድሽ ልብሱን አክስቴ ትይዛለች። ካልፈቀድሽ ሰኞ ምሰሶዬ ላይ እወጣለሁ።»

በሩን ጠርቅሜ ሞተሩን አስነሳሁ። የሳህኑ አበባ ሲበተን በመስታወት አየሁት፤ እየለቀመው ነበር።

ቤት ገብቼ የቡድሃው ምስል ፊት ሻማ አብርቼ ለመጸለይ ብል ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሳላስታጉል የምለው ጸሎት ነው። ተጸጽቼ ነው ብዬ አልዋሽም። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ግን አሰብኩት፤ ልብሱ ከሌለ የምን ጫፍ ነው የምይዘው? ደግሞ ያ ልጅ ሰኞ ሰማይ ጥግ ሲወጣ እናቱ ከለከለችው ተብሎ ይውጣ? ይሄን የመሰለ ኃጢአት ተሸክሜ የት እገባለሁ?

ቅዳሜ ገና ጤዛው ሳይደርቅ ሄድኩ። አባን «ፈቅጃለሁ» አልኳቸው። «እሺ» አሉ፣ ልክ እንደ ትናንቱ። ኡቦን ወጥ ቤት በር ላይ ልብሷን ታቅፋ ቆማለች፤ ከእጇ ያወረደችው አይመስልም።

«ያዢው» አልኳት። «ለአንቺ ብዬ ግን አይደለም።»

«መቼ ለኔ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ፀጉሩን መጀመሪያ እኔ ቆረጥኩ፣ ከዚያ እሷ። አገራችን የሚቆረጠውን ፀጉር በሎተስ፣ በውሃ አበባ ቅጠል ነው የምንቀበለው፤ እዚህ የጎመን ቅጠል ዘረጋን። መቀሱን ሳቀብላት እጀታውን ሳይሆን ስለቱን ወደ እሷ አድርጌ ሰጠኋት። አየችኝ፣ ግን ተቀበለች። መነኩሴው ፀጉሩንም ቅንድቡንም ላጨው። ልክ ሲወለድ የነበረውን መሰለ። ሲወለድ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር ያየው፣ እኔ።

ከበሮው ተመታ፣ ዙሩ ተጀመረ። ኡቦን በሁለት እጇ ልብሱን ታቅፋ አጠገቡ ትሄዳለች። ለኔ የተረፈኝ ትራስ ነው፣ መነኩሴው የሚተኛበት ትራስ! ከኋላ ተከተልኩ። ነፋሱ ከዊት ራስ በላይ የተያዘውን ዣንጥላ ይገለብጣል፣ እትዬ ቻሎም በዚያ ዕድሜያቸው ይጨፍራሉ፣ ጎረቤቱ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ ያያል። ሁለተኛው ዙር ላይ ከኮፐንሀገን የመጡ ሁለት ሴቶች አጥሩ ጋ ቆመው ያወራሉ።

«እናቱ እንዴት ደስ ብሏታል!» አለች አንዷ። «እያት፣ ልብሱን እንደ ሕፃን ነው የታቀፈችው።»

«ትራስ የያዘችውስ ማን ናት?»

«እንጃ። አክስቱ ሳትሆን አትቀርም። ፊቷን አጨማድዳዋለች።»

አፌን ከፈትኩ። ሁለት እርምጃ ነው የሚለያየን። እናቱ እኔ ነኝ፣ አንቺ አጥር ተደግፈሽ የምትቀባጥሪ፣ ልላት ነበር። ዊት ሰምቷል፤ የተላጨ አንገቱ ሲገተር አይቻለሁ፣ ግን አልዞረም። አፌን ዘጋሁ። ትራሱን በጥፍሬ ጨብጬ ሦስተኛውን ዙር ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ አገሬን ጥዬ ስመጣ እንኳ።

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ኡቦን ልብሱን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። ዊት ተንበርክኮ እግሯ ላይ ሦስት ጊዜ ሰገደ።

«እማ» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይቅር በይኝ።»

እሷ ያቺ ምላሷ እንደ ካራ የሆነች ሴት አንድ ቃል አልወጣትም። ስልኩ ላይም እንደዚሁ ሆና ነበር ማለት ነው።

«ስጪው እንጂ!» አልኳት ከኋላ። «መነኮሳቱ ምሳቸው ከቀትር በፊት ነው፣ ያንቺን እንባ ሲጠብቁ ይራቡ?»

ሰጠችው። ገባ። ሲወጣ መነኩሴ ነበር፣ እኔም ሰገድኩለት፣ ለገዛ ልጄ። ሴት መነኩሴን አትነካምና ከእንግዲህ አሥራ አምስት ቀን እኔም እሷም ልንነካው አንችልም። ቢያንስ በዚያ እኩል ነን።

ሳህን ስናጥብ ኡቦን አጠገቤ መጣች። እንደምታመሰግነኝ አውቄ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«ሳህኖቹ ላይ ሳሙና ቀርቷል» አለችኝ።

«ካልጣመሽ አንቺው እጠቢው።»

እስከ ዛሬ በዚሁ ነን። የኔ ልብስ ከነሪባኑ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። እዚህ የወለድኳትን ሴት ልጄን ማሊንን ነግሬያታለሁ። ስሞት ሬሳ ሳጥኔ ላይ ያን ልብስ ዘርጉልኝ፣ መነኮሳቱ ከላዬ ያንሱት፣ በሱም ቢሆን ጽድቄን አላጣም። ግን የሚዘረጋው ዊት ይሁን፣ ኡቦን እንዳትነካው ብያለሁ። ማሊን ለአክስቷ ነግራታለች መሰለኝ፣ ባለፈው እሑድ ገዳም ውስጥ ምግብ ስናቀርብ ኡቦን ድንገት፣ «ስድስት ዓመት እበልጥሻለሁ» አለችኝ። «ቀድሜሽ እሞትና ያን ልብስ ለኔ ይዘረጉልኛል፣ ታያለሽ!»

«ሞተሽ አሳዪኝ» አልኳትና ሩዙን አቀበልኳት።